ሳይቃጠል በቅጠል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ጓሮን አቀዝቅዞ ስለ መኖር

የአገራችን ሰው ቤት ሊሠራ ሲመካከር አብዝቶ የሚናገረው ስለ ግድግዳው ውፍረት፣ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮና ስለ በሩ መዝጊያ ነው፤ ስለ ጓሮው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ዳሩ ግን በቆላ ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ የቀኑ ትልቁ ክፍል የሚያልፈው በጓሮ ነው። የቤት እመቤት እህል የምታበጥረውና ልብስ የምታጥበው፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው የሚጫወቱት፣ አያት ከቀትር በኋላ ጋደም የሚሉት፣ ጎረቤት ተጠርቶ ቡና የሚጠጣው በዚያ ነው። በሙቀት ወራትም አልጋውን አውጥቶ በጓሮ የሚያድር ሰው አለ። እንግዲህ ጓሮው እንደ ምጣድ የጋለ እንደ ሆነ ቤተሰቡ ከቤቱ ሙቀት ወጥቶ የሚያርፍበት ስፍራ አያገኝም፤ ይልቁንም ሕፃናት፣ አራሶችና ሽማግሌዎች በብርቱ ይጎዳሉ። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ጓሮ በምን ምክንያት እንደሚግል፣ በትንሽ ገንዘብና በጥቂት ውሃም እንዴት ሊቀዘቅዝ እንደሚችል ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስረዳ አስበናል።

ነገሩን በደፈናው ከመናገር አንድ ከተማ ይዞ መናገር የተሻለ ስለ ሆነ፣ ድሬዳዋን ምሳሌ አድርገን ወስደናል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1200 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሜዳ ላይ፣ ከሐረር ተራሮች ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። የተቆረቆረችውም ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከስፍራው በደረሰ ጊዜ ነው፤ ሐዲዱን ወደ ሐረር ከፍታ ማውጣት አስቸጋሪ ስለ ሆነ በተራራው ግርጌ ቀረ፣ ከተማይቱም በዚያው ተመሠረተች። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ መካከሏን ይከፍላታል፤ ወንዙም በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ውሃ የሌለበት ደረቅ አሸዋ ነው። በአንደኛው ማዶ ከዚራ፣ በሁለተኛው ማዶ መጋላ ይገኛሉ። የከዚራን ጎዳናዎች በቀትር ጊዜ በእግሩ የሄደ ሰው ስለ ጥላ ጥቅም ሌላ ምስክር አይሻም። ቀጥ ብለው የተዘረጉት መንገዶች ግራና ቀኛቸው ትልልቅ ዛፎች ስላሉባቸው፣ ከዛፎቹ ሥር የሚሄደውና ጥላ ወደሌለበት ሜዳ የሚወጣው ሰው በሁለት ልዩ ልዩ አገር ያሉ ይመስላሉ።

በአብነት ትምህርት እንደ ተማርነው ዓመቱ በአራት ወቅት ይከፈላል። ሐጋይ፣ ማለት በጋ፣ ከታኅሣሥ 26 ቀን እስከ መጋቢት 25 ቀን ነው፤ ጸደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ነው። በደጋ ያደገ ሰው ፀሐይንና ድርቀትን ከበጋ ጋር አያይዞ ስለሚያስብ፣ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ይሳሳታል። ድሬዳዋ በታኅሣሥና በጥር ለስላሳ አየር አላት፤ እሳቷ የሚነደው በጸደይ፣ ይልቁንም በግንቦትና በሰኔ ነው። በእነዚህ ወራት የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ 34 ወይም 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በዓመት የሚዘንብላት ዝናብም 600 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም የሚበዛው በሐምሌና በነሐሴ፣ ጥቂቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ይወርዳል። ስለ ሆነም ለሙቀቱ የሚዘጋጅ ሰው ሙቀቱ ሲመጣ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ አየሩ ለስላሳ ሳለ መነሣት አለበት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው የተረቱት ምሳሌ ለቆላ ጓሮ እንደ ቃሉ የተስማማ ነው፤ መድኃኒቱ በእርግጥ ቅጠል ነውና።

አሁን ግን በብዙ ግቢ የምናየው ነገር ከዚህ ምክር የራቀ ነው። የኪራይ ክፍል ለመጨመር ሲባል የቆየው ዛፍ ይቆረጣል፤ አቧራ እንዳይነሣ ሲባል መሬቱ በሙሉ በሲሚንቶ ይሸፈናል፤ ግቢው እንዳይታይ ሲባል ዙሪያው በቆርቆሮ አጥር ይታጠራል። ሦስቱም ለየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ሦስቱ በአንድ ግቢ በተሰበሰቡ ጊዜ ግን ጓሮው ምድጃ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ለማቀዝቀዣ ማሽንና ለመብራት የሚከፍለው ገንዘብ ከኪራዩ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት በዚህ ይፈጸማል። አንድ ዛፍ በግማሽ ቀን ይቆረጣል፤ በምትኩ የተተከለው ችግኝ ለአያት የሚበቃ ጥላ እስኪሰጥ ድረስ ግን ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ ከምክራችን ሁሉ የሚቀድመው፣ በግቢው ውስጥ ደኅና ዛፍ ያለው ሰው ምሳሩን ከማንሣቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስብ የሚለው ነው።

ጓሮ የሚግልበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛው ፀሐይ በቀጥታ በሰውና በመሬት ላይ ስትወርድ ነው። ሁለተኛው መሬቱ፣ ግድግዳውና አጥሩ ቀኑን ሙሉ የጠጡትን ሙቀት ከመሸ በኋላ ሲመልሱት ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንኳ ከሲሚንቶ አጠገብ መቀመጥ የማይቻለው ስለዚህ ነው። ሦስተኛው ነፋስ የሚገባበት መንገድ ተዘግቶ የሞቀው አየር ባለበት ሲቆም ነው። መድኃኒቱም እንደ በሽታው ቅደም ተከተል ነው፤ አስቀድሞ ጥላ፣ ቀጥሎ የመሬቱና የግድግዳው አያያዝ፣ ከዚያም የነፋስ መግቢያ። ውሃ የእነዚህ ሁሉ አገልጋይ ነው፤ ብቻውን ግን ምንም ያህል አይረዳም።

ስለ ጥላ ስንናገር የፀሐይን መንገድ ማወቅ ይገባል። በአውሮፓ አገር የተጻፉ የአትክልት መጻሕፍት፣ ፀሐይ በዚያ አገር ዘወትር በደቡብ በኩል ስለምታልፍ፣ ጥላ ከደቡብ ወገን ይሠራ ብለው ያስተምራሉ። ይህን ትምህርት ሳይመረምር የተከተለ የድሬዳዋ ሰው ድካሙን በከንቱ ያጠፋል። በእኛ አገር ፀሐይ ከሚያዝያ 8 ቀን ግድም አንሥቶ እስከ ነሐሴ 21 ቀን ግድም ድረስ በድሬዳዋ ላይ የምታልፈው ከራስ በላይ ሆና ጥቂት ወደ ሰሜን አዘንብላ ነው። ስለዚህ በግንቦት በቀትር ጊዜ የቆመ ሰው ጥላው እጅግ ያጠረ ሲሆን ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ፀሐይ የምታቃጥለው ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ በኩል ነው። ከዚህም ሁለት ነገር እንማራለን። የቀትርን ፀሐይ የሚከለክለው ከራስ በላይ የተዘረጋ ዳስ ወይም ሰፊ ቅርንጫፍ ነው፤ እጅግ የሚያስጨንቀውን የ9 እና የ10 ሰዓት ፀሐይ የሚከለክለው ግን በምዕራብ በኩል የቆመ ዛፍ ነው። በ10 ሰዓት የዛፍ ጥላ ከቁመቱ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይረዝማልና፣ 4 ሜትር ቁመት ያለው ዛፍ በዚያ ሰዓት 6 ሜትር ርቆ የተቀመጠውን ሰው ሊጋርድ ይችላል።

ይህን ለማረጋገጥ መሐንዲስ መጥራት አያስፈልግም። በግንቦት ወር አንድ ቀን ቤተሰቡ በሚቀመጥበት ስፍራ አንድ በትር ይተከል። በ3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓት፣ በ9 ሰዓትና በ11 ሰዓት የበትሩ ጥላ ጫፍ በደረሰበት ሁሉ ድንጋይ ይቀመጥ። ድንጋዮቹ ፀሐይ ከየት እንደምትመጣ ያሳያሉ፤ ዛፉ የሚተከልበትም ስፍራ ከድንጋዮቹ በተቃራኒው ወገን ነው። ይህን ሥራ ለልጆች ቢሰጧቸው ጨዋታም ትምህርትም ይሆንላቸዋል።

የዛፉ ዓይነት እንደ ግቢው ስፋትና እንደ ውሃው መጠን ይመረጣል። ከህንድ አገር የመጣው ኒም የተባለው ዛፍ ሙቀትንና ድርቀትን ስለሚችል፣ ሰፊ ጥላም ስላለው በድሬዳዋ ተወድዶ ይተከላል። ቁርቁራ ያገራችን ዛፍ ነው፤ በደረቅ መሬት ይበቅላል፣ ፍሬውንም ልጆች ይወዱታል፣ ነገር ግን እሾህ ስላለው ሕፃናት ከሚድሁበት ራቅ ማለት አለበት። ሁመር ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ካደገ በኋላ ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ጥላ አለው። ማንጎ ጥቅጥቅ ያለ ጥላና መልካም ፍሬ ይሰጣል፤ ውሃ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ይሻል። ግቢው ጠባብ የሆነ ሰው ሎሚ፣ ሮማን ወይም ሽፈራው ይትከል። የልብስ ማጠቢያ ውሃ በሚፈስበት አጠገብ ሙዝ ቢተከል የሚባክነው ውሃ ጥቅም ላይ ይውላል። ትልልቆቹን ዛፎች ከቤት ግድግዳና ከመጸዳጃ ጉድጓድ 4 ወይም 5 ሜትር ማራቅ ያስፈልጋል፤ ሥራቸው መሠረቱን እንዳይነካ ነው።

ችግኝ የሚተከልበት ጊዜ ክረምቱ ሲገባ ነው። በሰኔ መጨረሻ ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፈር፤ አፈሩ በደረቀ ፍግ ይለወስ፤ በሐምሌ መሬቱ ከራሰ በኋላ ችግኙ ይተከል። ዙሪያውን ውሃ እንዲይዝ እንደ ሰፌድ ጎድጎድ ይደረግ። ዝናቡ ካበቃ በኋላም አፈሩ በገለባ ወይም በደረቀ ቅጠል አራት ጣት ያህል ይሸፈን፤ ሽፋኑ ግን ግንዱን እንዳይነካ ይጠንቀቁ፣ ግንዱ እንዳይበሰብስ ነው። የተሸፈነ አፈር ፀሐይ ስለማያገኘው ርጥበቱን ብዙ ቀን ይጠብቃል። ችግኙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሳይታክቱ ሊያጠጡት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ ኒምንና ቁርቁራን የመሰለ ዛፍ ራሱን ችሎ ይኖራል።

ውሃ በሚያንስበት ከተማ ችግኝ ለማጠጣት እጅግ የሚረዳ አንድ የጥንት ዘዴ አለ። ይኸውም ሸክላን በመቅበር ነው። በቻይና አገር ከ2000 ዓመት በፊት የታወቀ ሲሆን፣ በእኛ አገር ሸክላ በየገበያው ስላለ ለመሥራት አያስቸግርም። አፉ የተሸረፈ፣ ሆዱ ግን ደኅና የሆነ እንስራ ወይም ገንቦ ይፈለግ። አስቀድሞ ውሃ ሞልተው ያሳድሩት፤ በማግሥቱ ውጭው እንደሚያልበው ሰው ርጥብ ሆኖ ከተገኘ ለዚህ ሥራ ይሆናል። ከችግኙ ሁለት ስንዝር ያህል አርቀው እስከ አንገቱ ይቅበሩት፤ ውሃ ሞልተው አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ይክደኑት። ውሃው በሸክላው ቀዳዳ ቀስ እያለ እየሰረገ ወደ ሥሩ ይሄዳል፤ ፀሐይም አያገኘው፣ አረምም አይጠጣው። በባልዲ ሲያፈሱት በተን ይጠፋ የነበረው ውሃ በዚህ ዘዴ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል መጠን ለዛፉ ይደርሳል።

በዚህ ላይ የውሃንና የሙቀትን ነገር ጥቂት ማስረዳት ይገባናል። በሸክላ ያደረ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ሸክላው ጥቂት ጥቂት እያለበ፣ ላቡም ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀቱን ከሸክላው ስለሚወስድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ወደ ተን ሲለወጥ የሚወስደው ሙቀት፣ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ አምስት ሊትር ውሃ ለማፍላት ከሚያስፈልገው ሙቀት ይበልጣል። የዛፍ ቅጠልም እንዲሁ ነው፤ ሥሩ ከመሬት የሳበውን ውሃ በቅጠሉ ወደ ተን እየለወጠ አየሩን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ የዛፍ ጥላ ከቆርቆሮ ጥላ የተለየ ነው። ቆርቆሮ ፀሐይን ከልክሎ ራሱ ይግልና ሙቀቱን ወደ ታች ይመልሳል፤ ዛፍ ግን ፀሐይን ከልክሎ ራሱም ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። በአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀው፣ ጥላ ያገኘው መሬትና ግድግዳ ጥላ ካላገኘው ከ11 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

በቀትር ጊዜ ሁለት ባልዲ ውሃ በሲሚንቶ ላይ መድፋት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ለጥቂት ጊዜ ደስ ያሰኛል፤ ውሃው ሲደርቅ ግን ፀሐይዋ ስላልተከለከለች ሲሚንቶው እንደ ነበረ ይግላል፣ በማግሥቱም ሌላ ሁለት ባልዲ ይፈለጋል። ያው ውሃ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ወይም ጧት በማለዳ ለዛፍ ሥር ቢሰጥ፣ የዛሬውን ቀን ብቻ ሳይሆን የሚመጡትንም ዓመታት ያቀዘቅዛል። የምክራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ቧንቧ በየቀኑ በማይመጣበት ሰፈር ውሃ ለሲሚንቶ አይሰጥም። መሬቱን ማርጠብ የፈለገ ሰው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ በጥቂት ውሃ፣ ቤተሰቡ በሚቀመጥበት ስፍራ ብቻ ይርጭ። አትክልት የታጠበበትና ልብስ የተለቀለቀበት ውሃ ለዛፍ ይሆናል፤ ሳሙና የበዛበትንና በረኪና የገባበትን ግን አይስጡት።

ዛፉ እስኪያድግ ድረስ ዳስ ያስፈልጋል። የላስቲክ ሸራ በቅርብ የሚገኝ ቢሆንም ሙቀቱን ከሥሩ አፍኖ ይይዛል፤ ስለዚህ ሸምበቆ፣ ሰሌን ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ይሻላል፣ ነፋስ ያሳልፋልና። ሸራ ብቻ ያለው ሰው ነጣ ያለውን ይምረጥ፤ ከፍ አድርጎም ይስቀለው፣ ዳርና ዳሩንም ለነፋስ ይተውለት። ቢቻል ከሸራው ሥር ሁለት ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጎ ሰሌን ቢዘረጋ፣ በመካከል ያለው አየር ሙቀቱን ወደ ታች እንዳይወርድ ያግደዋል። በዳሱ ምሰሶዎች ሥር ወይን ወይም ቡገንቪሊያ ቢተከል ከጥቂት ዓመት በኋላ ዳሱ ራሱ ቅጠል ይለብሳል። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰውም ቢሆን ሰሌንና አራት ምሰሶ ማቆም አያቅተውም፤ ሲለቅም ነቅሎ ሊወስደው ይችላል።

ስለ መሬቱ የምንለው አጭር ነው። ለመኪና ወይም ለውሃ መውረጃ ካልሆነ በቀር ግቢን በሙሉ በሲሚንቶ መሸፈን አይገባም። መሄጃው ብቻ በድንጋይ ይነጠፍ፤ የቀረው አፈር ሆኖ ሰርዶ ይልበስ። ሰርዶ በድርቅ ጊዜ ቢጠወልግም ዝናብ ሲያገኝ ይመለሳል፤ አቧራንም ያስቀራል። አፈሩ የዝናብን ውሃ ጠጥቶ ለዛፍ ያስቀምጣል፤ ሲሚንቶ ግን ወደ መንገድ ይሰደዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው የደቻቱ ጎርፍ የብዙ ሰው ሕይወት ያጠፋው ከተራራው በወረደው ብርቱ ዝናብ ነው እንጂ በጓሮ ሲሚንቶ አይደለም፤ ነገር ግን በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ዝናብ ለምታገኝ ከተማ እያንዳንዱ ግቢ የድርሻውን ውሃ ቢያስቀር ጥበብ ነው።

ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ፣ ይልቁንም የምዕራቡ፣ በነጭ ኖራ ቢቀባ ሙቀት ይመልሳል፤ የዛገ ቆርቆሮ ጣሪያም ነጭ ቀለም ቢቀባ እንደዚሁ ነው። ከነጩ ግድግዳ ፊት ለፊት ግን መቀመጫ አይደረግ፤ የሚመለሰው ብርሃን ዓይንን ይወጋልና። አጥሩም ነፋስ የሚገባበት ክፍት ቦታ ይኑረው። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ ለማወቅ ማታ ማታ ጥቂት አመድ በትኖ ማየት ይበቃል፤ በዚያ ወገን ያለው ቆርቆሮ ተነሥቶ በሸምበቆ ወይም በአትክልት አጥር ቢተካ ጓሮው ይተነፍሳል። ቅንጭብን አጥር የሚያደርግ ሰው ወተቱ ዓይንን ክፉኛ እንደሚያቃጥል አውቆ ልጆቹን ያስጠንቅቅ።

የማድ ቤቱም ነገር መረሳት የለበትም። እንጀራ በ7 ሰዓት ቀን የሚጋገርበት ጓሮ በምንም ጥላ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ምጣዱ በማለዳ ይጣድ፤ ከሰሉም ነፋሱ ጭሱን ከሰው ወደሚያርቅበት ወገን ይሁን። ይህን ስንል ግን ጭሱን ወደ ጎረቤት መስደድ ማለታችን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለሀብት በሀብቱ ሲገለገል ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ ክፉ ሽታና ጩኸት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክለዋል። በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራችን እንደ ተመለከትነው፣ ከአጥር ላይ በተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ወይም በወደቀ ቅጠል የተጀመረ ቅያሜ ዓመታት የሚፈጅ ክርክር ሲሆን ይታያል። ችግኙን ከድንበር ራቅ አድርጎ መትከል፣ ከመትከልም በፊት ለጎረቤት መንገር ይህን ሁሉ ያስቀራል። እንዲያውም ሁለት ጎረቤቶች ተስማምተው ለሁለት ግቢ የሚሆን አንድ ዛፍ ቢያሳድጉ ጥላውም ወዳጅነቱም ለሁለቱ ይሆናል።

አሁን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ጓሮን አቀዘቅዛለሁ ሲል ውሃ ሳይከድን የሚያስቀምጥ ሰው ከሙቀቱ የባሰ ጠላት ይጋብዛል። በድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ቺኩንጉንያ የተባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ተነሥቶ እጅግ ብዙ ሰው አሳምሟል፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቀን የምትነክስ ትንኝ በበርሜልና በአሮጌ ጎማ ውስጥ በቆመ ውሃ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. በከተማዪቱ ለታየው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት የሆነችው፣ ከእስያ የመጣችና እንደዚሁ በውሃ ማጠራቀሚያ የምትራባ የወባ ትንኝ ናት። ትንኝ ከእንቁላል እስከ ክንፏ ድረስ የሚፈጅባት ጊዜ አንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው። ስለዚህ በርሜሉ ጥብቅ ክዳን ይኑረው፤ የተቀበረው ሸክላ አፉ ይከደን፤ ከአበባ ማሰሮ ሥር ያለ ሳህንና የዶሮ መጠጫ በየሳምንቱ ተደፍቶ ይፈተግ። በጓሮ የሚያድር ሰው አጎበር አይለየው፤ ቀን የሚተኛ ሕፃንም በአጎበር ይሸፈን።

ደግሞም ጥላ ሁሉን ነገር አያድንምና የሙቀት ሕመምን ምልክት ማወቅ ያሻል። ሰውነቱ እንደ እሳት የጋለ፣ ንግግሩ የተዛባ፣ ራሱን የሳተ ሰው ሲገኝ ነገሩ የሞት አደጋ ነው። ፈጥነው ወደ ጥላ ያግቡት፤ ልብሱን አላልተው ሰውነቱን በውሃ ያርጥቡት፣ ያራግቡትም፤ ልቡናው ያልተመለሰለትን ሰው ውሃ አያጠጡት፣ ትን ይለዋልና። ሳይዘገዩም ወደ ሐኪም ያድርሱት። ሽማግሌዎችና ሕፃናት ጥማታቸውን ሳይናገሩ ስለሚደክሙ፣ በግንቦትና በሰኔ ሳይጠይቁ ውሃ ማቅረብ የቤት ልጆች ሥራ ይሁን። ልብስም እንደ አገሩ ልማድ ሳሳ ያለ ሽርጥና ዲሪያ ቢሆን ይበጃል።

በመጨረሻም የተናገርነውን በወራት አሰናድተን እናስታውሳለን። በሰኔ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በሐምሌ ችግኝ ይተከላል፤ በመስከረም መጨረሻ አፈሩ በገለባ ይሸፈናል። በታኅሣሥና በጥር፣ ሥራ በማያደክምበት አየር፣ ግድግዳው ኖራ ይቀባል፣ ዳሱ ይቆማል፣ አጥሩም ለነፋስ ይከፈታል። በየካቲት ሸክላው ይቀበራል። ግንቦት ሲገባ ለቤተሰቡ የሚቀረው ሥራ ማታ ማታ ዛፉን ማጠጣትና በየሳምንቱ የቆመ ውሃ መድፋት ብቻ ነው። በአንድ ዓመት ሁሉንም ማድረግ የማይችል ሰው ከዛፉ ይጀምር፤ ሌላው ሁሉ በገንዘብ በአንድ ቀን ሊገዛ ይችላል፣ የዛፍ ዕድሜ ግን አይገዛም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፣ በዚህ ክረምት የተተከለች አንዲት የኒም ችግኝ ዛሬ በእቅፍ ያለው ሕፃን ትምህርት ቤት በሚገባበት ዘመን መጽሐፉን ዘርግቶ የሚያነብበት ጥላ ትሆነዋለች።